የሰው ባክቴሪያ ልገዛ ባንኮ ጎቲቲ ድረስ

ነገሩ በጠቅላላ አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ እግር ጫማና ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ክብር ፈጅቶብኛል። የጠፋው ጫማ የግራው ነው። ቀኙ አሁንም ቤት አለ፤ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ስሜ ደምሴ ነው። መርካቶ ፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፦ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የውሃ በርሜል፣ የበረዶ ሳጥን። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። እሷ ከሄደች በኋላ የቤቴ ምድጃ ተለኩሶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ምሳዬም እራቴም ሥጋ ቤት ሆነ። ቁርጥ፣ ጥብስ፣ እሑድ እሑድ ክትፎ፣ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ፍርፍር። ሆዴ የሚያርፈው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው መጋዘኔ ስወጣ ደረቴ ላይ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የተጫነብኝ መሰለኝ። ተመረመርኩ። የልብህ ደም ቧንቧ ጠቧል አሉኝ።

ዶክተሯ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለቀልድ ጊዜ የሌላት ሴት ናት።

«ችግሩ እርስዎ የሚበሉት ብቻ አይደለም» አለችኝ። «አብረዎት የሚበሉትም ናቸው።»

«ኧረ እኔ ብቻዬን ነው የምበላው» አልኳት።

ብቻዬን አልነበረም። ለካ አንጀቴ ውስጥ ለቁጥር የሚያታክት ባክቴሪያ ይኖራል። ሥጋና የእንቁላል አስኳል ሲወርድለት አንዳንዱ ባክቴሪያ ከዚያ የሚገማ ነገር ይሠራል። ያ ነገር ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበት ወደ ሌላ ነገር ለውጦ ወደ ደም ይለቀዋል። እዚያ ሲበዛ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ስብ እንዲለጠፍ ሳያግዝ አይቀርም ይላሉ። ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ፣ ባጠቃላይ አሰር ያለው ነገር ሲወርድ ደግሞ ሌላው ዓይነት ባክቴሪያ ያንን አብላልቶ ለቧንቧም ለደም ግፊትም የሚበጅ ነገር ያወጣል። እኔ በመርካቶ ቋንቋ ተረዳሁት፦ ዕቃው አንጀት ላይ ይራገፋል፣ አንዱ ደላላ ይቀበለዋል፣ ጉበት ላይ ሁለተኛው ደላላ ስሙን ይቀይረዋል፣ በመጨረሻ የሚዘጋው ግን የእኔ መንገድ ነው።

«ጥናቱ ገና ነው፤ ሁሉንም ጥፋት ባክቴሪያ ላይ እንዳያላክኩ» አለች ዶክተሯ። «ሥጋውን ይተዉ፤ ኪኒንዎን በየቀኑ ይዋጡ፤ በሦስት ወር ይመለሱ። ካልተሻለ ቧንቧው ውስጥ ማስፊያ እናስገባለን።»

ማስፊያ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላውን በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ግን እግረ መንገዷን ስለ አንድ ሕክምና አነሣች። ለአንድ እምቢተኛ የአንጀት ኢንፌክሽን ከጤነኛ ሰው ሰገራ ባክቴሪያ ወስደው ለታማሚው ይሰጣሉ አለች። «ለልብ አይደለም» ማለቷን አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር ሰምቻለሁ፤ ለገበያዬ ስላልተስማማኝ ነው የተውኩት።

ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ማሰብ ጀመርኩ። ጥሩ ባክቴሪያ ካለ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ካለው ዋጋ አለው። ዲላ ከተማ ውስጥ ታሪኩ የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ ባልዲዎቼን እዚያ የሚቸረችረው እሱ ነው። በደወለ ቁጥር ስለ አጎቱ ያወራል፤ አባባ ጅግሶ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ የባንኮ ጎቲቲ ቡና ገበሬ። ጆንያ ቡና ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፣ ሥጋ ከበዓል ውጪ አይቀምሱም፣ ሐኪም ቤት ረግጠው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሆድ መርካቶን ብትገለብጠው አይገኝም።

ደወልኩለት። «ከአጎትህ ቤት የምፈልገው ነገር አለ። በስልክ የሚነገር አይደለም።»

«ገባኝ፣ ጋሼ» አለ ታሪኩ። ምን እንደገባው መጠየቅ ነበረብኝ።

ማክሰኞ

ከቃሊቲ መናኸሪያ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ከሱቄ አንድ የበረዶ ሳጥን መርጬ፣ በረዶ ሞልቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ዕቃዬ አንዲት ቦርሳ ናት፤ ውስጧ ልጄ የገዛችልኝ የደም ግፊት መለኪያ አለ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የያዙት?» አለ ረዳቱ።

«በረዶ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሌላውን የማመጣው ስመለስ ነው።»

ሰውየው ክፉኛ ተጠራጠረና ለሳጥኑ የግማሽ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዝቅ ባለ ድምፅ «ክትባት ነው፣ አይደል?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «ባይነግሩን ነው የሚሻለው» አሉና ለኋላው ወንበር ነገሩት። ዝዋይ ስንደርስ የጤና ባለሥልጣን ሆኛለሁ። ዓሣ የሚሸጡት ሳጥኑን አይተው መስኮቴን ወረሩት፤ ሻሸመኔ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ለወረዳቸው የወባ መድኃኒት የዘገየበትን ምክንያት ጠየቀኝ። እያየነው ነው አልኩት። ምን ልበል?

ሻሸመኔ ምሳ ቆምን። መኪናው በሙሉ ጥብስ አዘዘ። እኔ ሽሮ። የሰው ጥብስ እየተንጨሰጨሰ በፊቴ ሲያልፍ እንደ ዘመድ በዐይኔ ሸኘሁት። እኔ ባደግኩበት ቤት ጎመን የሥጋ አጃቢ ነው፤ ብቻውን መንገድ አይወጣም።

ዲላ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። መርካቶ ሰው ይገፋሃል፤ ዲላ ባጃጅ ይገፋሃል። ዲላ ግን ገፍቶህ ይቅርታ ይጠይቃል። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ በረዶዬን የመጠጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት።

«ለምን ዕቃ ነው?»

«ሐሙስ ለማመጣው።»

«ምግብ ነው?»

«ነበር» አልኩት።

ብዙም አልጠየቀኝም። ጠዋት ላይ ግን በረዶዬን ከለስላሳው ለይቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጥግ አስይዞት አገኘሁት።

ረቡዕ

ታሪኩ ሱፍ ለብሶ መጣ። ሱቁን ዘግቷል። እኔ እሱን ሳውቀው በሥራ ቀን ሱቅ የሚዘጋ ሰው አይደለም።

«ታሪኩ፣ መጀመሪያ ጉዳዩን ልንገርህ...»

«ኧረ ጋሼ! ለእኔ አይነገርም» አለና እጁን አፌ ላይ ሊጭን ምንም አልቀረውም። «ወግ አለው። እዚያው፣ ሽማግሌዎች ፊት።»

በዚህ ዓይነት ጋቢ አስገዛኝ፤ ባለ ጥለት፣ ከሁሉም ወፍራሙን። ከዚያ ፀጉር ቤት አስገባኝ። አስተካካዩ ጢሜን ላጨኝ፤ ታሪኩ ራቅ ብሎ እንደ ሥዕል ካየኝ በኋላ «ሽበቱን ትንሽ ብናጠቁረውስ?» አለ። አይሆንም አልኩ። መርካቶ ሙሉ ካሚዮን ዕቃ በነጠላ ጫማ ቆሜ በስልክ እገዛለሁ፤ እዚህ አንዲት ብልቃጥ ለመግዛት ተላጭቼ ሽቶ ተቀባሁ። የአገሩ ደንብ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ምሳ ላይ ታሪኩ ጮክ ብሎ አሰበ። «የልብዎን ሕመም ልንነግራቸው ይገባል፣ አይደል?»

«ዋናው ነገር እሱ አይደል እንዴ! እሱን ሳንነግራቸው ምን ብለን እንጠይቃለን?»

ታሪኩ እጄን ያዘ። ዐይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ሐቀኛ ነዎት፣ ጋሼ። ስንቱ ነው ደብቆ የሚገባው።»

ሐሙስ

ከዲላ በሚኒባስ በወናጎ፣ በዱመርሶ አድርገን ይርጋጨፌ ገባን፤ ከዚያ በሞተር ብስክሌት። መንገዱ ዳገት ብቻ ነው። ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ፣ እንሰቱ በመሃል፣ ቤቱ እንሰቱ ውስጥ። የእኔ አባት አገርም እንሰት ነው፤ ግን የእኛው ደጅ ላይ ተሰልፎ እንደ ዘበኛ ይቆማል፤ እዚህ ሰውም ቡናም እንሰቱም አንድ ላይ ተቃቅፈው ነው የሚኖሩት።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ነጂው ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ታሪኩ ከኋላ፣ ሳጥኑ ጭኔ ላይ። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ወደ ግራ፣ እኛ ወደ ቀኝ ሄድን። ሳጥኑን ለማዳን እግሬን ጭቃ ውስጥ ተከልኩ። እግሬ ወጣ፤ ጫማው አልወጣም። ሦስት ሰው ከማሳው ወጥቶ በዶማ ፈለገልን። አንዱ «ቡና ቢሆን በቅሎ እንኳ እናገኘው ነበር» አለና ተስፋ ቆረጠ። አንዲት ሴት ከቤቷ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ አመጣችልኝ፤ ዋጋ አልተቀበለችኝም። አረንጓዴ ነው።

በአንድ እግር የቆዳ ጫማ፣ በአንድ እግር አረንጓዴ ጫማ አባባ ጅግሶ ግቢ ገባሁ። ግቢው ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች አንድ ወገን፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ሌላ ወገን። እንሰቱ ሥር አንድ ሙክት በግ ታስሮ በትካዜ ያየኛል። ያን ሁሉ ሰው ለባክቴሪያ ብለው ሰብስበው ከሆነ እነዚህ ሰዎች ሳይንስ ይወዳሉ ብዬ ተደነቅኩ።

አባባ ጅግሶ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የጥርሳቸው ቁጥር ከእኔ የሚበልጥ ሰው ናቸው። በዐይኔ ገመገምኳቸው። አንደኛ ደረጃ።

ታሪኩ ተነሥቶ በጌዴኡፋ ብዙ ተናገረ፤ ከዚያ ለእኔ ሲል በአማርኛ ደገመው። «ጋሽ ደምሴ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ይህን አልደበቁም። ከዚህ ቤት የሚፈልጉት ነገር አለ። ያንን ካገኙ ይድናሉ።»

ሴቶቹ «እሰይ!» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አንድም ውሸት የለበትም። ጋቢው ቀረበ፤ አባባ ጅግሶ ዳብሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ሚስትህ ሞታለች?» አሉኝ።

«አራት ዓመቷ ነው።»

«ልጅ?»

«አንዲት። አግብታለች።»

«ትጠጣለህ?»

«ድሮ ነበር።»

ሻጭ ገዢውን ይመርምር፤ ተገቢ ነው። እንዲያውም ወደድኳቸው።

«እሺ» አሉ፤ «ወስደህ የት ነው የምታኖራት?»

የበረዶ ሳጥኑን ብድግ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩላቸው። «እዚህ ውስጥ፣ አባባ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው በረዶውን ተመለከቱ። የማድቤቱ በር ላይ አንዲት የአርባ አምስት ዓመት ገደማ ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። የአባባ ጅግሶ ልጅ ታደለች ነች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ ለቃሚ ሴቶችን የምትቆጣጠር፣ እንኳን ሰው ድንጋይ የሚፈራት ሴት።

«እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም» አለች።

ያን ጊዜ ጢም መላጨቱም፣ ጋቢውም፣ በጉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እዚህ አገር የፈለገውን በስሙ ሳይጠራ፣ አማላጅ ይዞ፣ ጋቢ አስቀድሞ ሽማግሌ ፊት የሚቀመጥ ባል የሌላት ሴት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ቡና የሚፈልግማ ዋጋውን ከአጥር ውጪ ቆሞ ይጠራል። ታሪኩን አየሁት፤ ታሪኩ በጉን አየው።

«እንግዲያ ምን ሊወስዱ መጡ?» አለች ታደለች።

ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። «ሳይንስ እንደደረሰበት» ብሎ የሚጀምር። ጠፋብኝ።

«የአባትሽን ሰገራ» አልኩ።

የተናገረ በጉ ብቻ ነበር። ታሪኩ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። አባባ ጅግሶ በትክክል መስማታቸውን ለማረጋገጥ በጌዴኡፋ አስተረጎሙ፤ ታሪኩ ከኮፍያው ሥር ሆኖ አንድ ቃል አለ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«መርካቶ ውስጥ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄም ጠፋ?»

ከዚያ በኋላ የተሳቀውን ሳቅ ይርጋጨፌ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። እኔ ግን እዚያ የሄድኩት ለሞት ለሽረት ነው፤ ቆሜ አስረዳሁ። ስለ ቧንቧዬ፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ ደላላዎቹ፣ ማስፊያ እንደሚያስገቡብኝ፣ ማስፊያውን እንደምፈራ። ስለ መፍራቴ ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ በረደ። መጀመሪያ የገባት ታደለች ናት።

«እርሾ ነው የሚፈልጉት» አለች ለሽማግሌዎቹ። «ቆጮ ጉድጓድ ስንከት ካለፈው ትንሽ እንጨምርበት የለ? አዲሱ በእሱ ነው የሚብላላው። የሳቸው ሆድ ተበላሽቷል፤ ከአባዬ እርሾ ሊወስዱ ነው።»

ሐኪም ቤት አንድ ሰዓት የፈጀብኝን እሷ ለሽማግሌዎች በአራት አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ምክር ተጀመረ፤ ለመሬት ጠብ የሚቀመጡትን ያህል በቁም ነገር። አንዱ ሽማግሌ የጓሮው እንሰት የማዳበሪያ ድርሻ እንዳይጎድል ፈሩ። ሁለተኛው የቡና ሰብሳቢ ነበሩ፤ «የታጠበውን ነው የሚፈልገው ወይስ ደረቁን?» ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው ተቆጡ፤ «ቡናችንን ይርጋጨፌ ብላችሁ ከበራችሁ። በዚህኛው ላይ ግን የእኛን ስም ልትጽፉ ነው?» አሉኝ። አልጽፍም ብዬ ማልኩ።

«የእንግዳ ነገር ነው» አሉ አባባ ጅግሶ። «ጠዋት ይወስዳል። ዋጋ የለውም፤ ሸጬ አላውቅም።»

በጉ ተፈታ። ጋብቻ ከሌለ መታረድ የለበትም ተባለ፤ እኔም ሥጋ እንደማይፈቀድልኝ ነገርኩ። ታደለች ቆጮ፣ ጎመንና የተቀቀለ ባቄላ አቀረበች። «ዛሬ የቀናው በጉ ብቻ ነው» አለች ሳህኑን ስታስቀምጥ። እኔ ባደግኩበት ቤት ቆጮ ካለ ክትፎ አለ፤ ቆጮን ከጎመን ጋር ብቻውን ሳየው ሙሽራው የቀረበት ሠርግ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ። ሦስቱንም በላሁ።

ዓርብ

ጠዋት ዕቃው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ በአራት ማዕዘን ታስሮ፤ ገበያ የሚወጣ ቅቤ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ አስተሻሸግ መርካቶ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት።

ነጋዴ ግን ሳይፈትሽ አይረከብም። መለኪያዬን አውጥቼ የአባባ ጅግሶን ክንድ ጠየቅሁ። ማሽኑ ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥር አወጣ፦ 198 በ114። ባትሪው ነው ብዬ የራሴን ለካሁ፤ የራሴው የለመድኩት ነው። አሳርፌ በሌላው ክንዳቸው ለካሁ። 196። የታሪኩን ለካሁ፤ ደህና። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ተሰልፎ ተለካ፤ ሁሉም ደህና። ወደ እሳቸው ተመለስኩ። 197።

«አባባ፣ ራስዎን አያምዎትም?»

«ያመኛል። ዐይኔም አልፎ አልፎ ትጨልማለች። ዕድሜ ነው።»

«ጨው ይወዳሉ?»

«ኧረ አልወድም» አሉ፤ ቀና ብለው ታደለች የሰጠቻቸው ቡና ላይ ጨው ጨመሩ። በቀን ስንት ሲኒ እንደሚጠጡ ጠየቅሁ። ቤተሰቡ መቁጠር ጀመረና ተጣላ።

ኔትወርክ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥቼ ለዶክተሯ ደወልኩ፤ ያለሁበትን፣ የያዝኩትንና የሽማግሌውን ግፊት ሁሉ ነገርኳት።

«አቶ ደምሴ» አለች። «ኪኒንዎን እየዋጡ ነው?»

«አይሰማም፣ ዶክተር» አልኳት።

«ያንን ነገር ይጣሉት። በሰው ሰገራ ውስጥ የሰው በሽታም አለ፤ ሳይመረመር አንድ ሰው ሆድ ውስጥ አይገባም። ቢገባልዎስ? ባክቴሪያ የሚኖረው በሚያበሉት ነው። ቁርጥ እያወረዱ ቆጮ የለመደውን ባክቴሪያ ምን ሊያደርጉት ነው?» ትንፋሽ ወሰደች። «የሽማግሌው ስንት ነው ያሉኝ?»

ነገርኳት።

«ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። ነገ አይደለም። ጥሩ ሆድ ሁሉን ነገር አያድንም። በዚህ ቁጥር ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለ ደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል።»

ከጉብታው ስወርድ ሽማግሌው ጆንያ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ተገናኘን። ዶክተሯ ያለችኝን እዚያው ነገርኳቸው።

አልሄድም አሉ። ሐኪም ቤት የገባ ሰው ታሞ ነው የሚወጣው አሉ። ታሪኩ ለመነ፣ ታደለች ተቆጣች፤ «ሰማንያ ሁለት ዓመት በእግሬ ሄጃለሁ፤ ዛሬ በጨርቅ አስራችሁ በማሽን አሞኛችሁኝ» አሉ። ታደለች ፊቷን ወደ ማድቤቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባሏ የሞተው አንድ ቀን ጠዋት ቡና ሲለቅም ወድቆ እንደሆነ ታሪኩ በጆሮዬ ነገረኝ፤ እሱም ራሱን ያመው ነበር።

ከመቶ ብር ጀምሬ ካሚዮን እስከመግዛት ተከራክሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ፈርቼ የተከራከርኩበት ጊዜ ግን የለም። ሳጥኑን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቡናዎ ዲላ ደረጃ ሳይወጣለት አዲስ አበባ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ናሙና ይወሰዳል?»

«ይወሰዳል።»

«ይሄስ? ሳይመረመር፣ ደረጃ ሳይወጣለት ይዤ ልግባ? መንገድ ላይ ብያዝስ? ባለቤቱም አብሮ መቅረብ አለበት።»

የቡና ሰብሳቢውን አዩ። የቡና ሰብሳቢው ትንሽ አሰቡና «ደንቡ እሱ ነው» አሉ። አባባ ጅግሶ አዲሱን ጋቢ ለበሱ።

ዲላ ሐኪም ቤት ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተራ ጠበቁ። ታደለች ጎናቸው ተቀምጣ ክንዳቸውን እንዳይሰረቅባት ዕቃ አጥብቃ ይዛለች። ግፊታቸው ሲለካ ወጣቱ ሐኪም ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው አልጋ ላይ አሳርፎ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ከሰዓታት በኋላ ቁጥሩ ሲወርድ እሱም እኛም ተነፈስን። ከዚያ እሳቸው «ናሙናውስ?» አሉ። የላቦራቶሪው ልጅ የኮባ ቅጠሉን ፈትቶ ቆመ።

«እኛ የምንፈልገው የክብሪት ራስ ያህል ነበር» አለ። «ይሄ ለወረዳው ይበቃል።»

ውጤቱ መጣ፦ ወስፋት። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ልጓዝለት የነበረው አንደኛ ደረጃ ሆድ ወስፋት ነበረበት።

«ደረጃዬ ስንት ወጣ?» አሉ አባባ ጅግሶ።

«ከደረጃ ውጪ» አለ ታሪኩ።

ሽማግሌው ጋቢውን አውልቀው አጣጥፈው ሰጡኝ። ዕቃው ከወደቀ ዋጋው ይመለሳል አሉ። እንቢ አልኩ፤ የማመላለሻ ነው አልኳቸው። ተከራከርን። በመጨረሻ ጋቢውን መልሰው ደረቡና «አንተንስ ለካህ?» አሉኝ።

ሐኪሙ ለካኝ። 162 በ98።

«ኪኒን የለህም?»

«አለኝ።»

«የታለ?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«መሳቢያው ተሽሎታል?» አለች ታደለች።

ሳቅሁ፤ ከዚያ መሳቁ ተወኝ። እዚያው ፋርማሲ ገብቼ የራሴን መድኃኒት ገዛሁ። አባባ ጅግሶ እንክብላቸውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ፤ እኔ ካልዋጥኩ አይውጡም። እኩል ዋጥን። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሊደወል፣ ያልዋጠ ለሌላው በግ ሊገዛ ተስማማን። ምስክሯ ታደለች ናት። በጉ የትኛው እንደሚሆን ከወዲሁ እናውቃለን።

ቅዳሜ

ዲላ ታሪኩ ቤት አድረን፣ ጠዋት ታደለች ሳጥኑን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ቆጮ ሞልታ ሰጠችኝ። «እርሾ ብቻውን አይበቃም» አለች። «የሚበላውን አብረው ይውሰዱለት።» ጨው የሌለበት ጎመን እንዴት እንደሚሠራም ነገረችኝ። ምድጃ ላይ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አቧራ አልኳት።

ስሄድ በረዶ ብቻ ይዤ ሰው ሁሉ ሊጠጋኝ ይፈልግ ነበር። ስመለስ እውነተኛ ምግብ ይዣለሁ፤ ቆጮው ሞቅ ሲለው ሽታው ተነሣ፤ እስከ ሐዋሳ አጠገቤ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሄደ። ሻሸመኔ ላይ ሥጋ ቤቱን በመስኮት አየሁት። እሱም አየኝ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

አሁን ሦስት ወር አልፏል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል፤ «ዋጥክ?» ይላሉ አባባ ጅግሶ። «ዋጥኩ። እርስዎስ?» «ዋጥኳት።» ቡናቸውን ያለ ጨው መጠጣት እንደ ቅጣት እንደሆነ በየቀኑ ይነግሩኛል። አንድ ቀን የደወለችው ታደለች ነበረች፤ «ምን ሆኑ?» አልኳት። ቡና ሊሸጡ ወርደው ስልኩን ረስተውት ነው። ምድጃዬ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይሠራል አልኳት፤ ይሠራልም።

ዶክተሯ ዘንድ ተመለስኩ። ቧንቧው አልሰፋም፤ አልጠበበምም። ማስፊያው ለጊዜው ይቆይ አለች። ባክቴሪያዎቼ እንዴት እንዳሉ ጠየቅኋት፤ «ሲጠግቡ ዝም ይላሉ» አለችኝ፤ የመጀመሪያ ቀልዷ ይመስለኛል።

ሒሳቡ ይኸው ነው። የወጣ፦ አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ እግር ጫማ። የተገዛ ዕቃ፦ የለም። የአባባ ጅግሶ ደም ግፊት ትናንት 142፣ የእኔ 136። በጉ በሕይወት አለ።